አንዱ ገዛ፣ አንዱ ገነባ፣ አንዱ ስሙን አከራየ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ ከተለያየ ቦታ ቢመጡም ጉዳያቸው አንድ ነው። ኩባንያ የማያውቀው አገር ሲገባ በምን በኩል ይግባ? ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ማኔጅመንት የምማር ተማሪ ነኝ። የውጭ ገበያ መግቢያ መንገዶች ተብለን ኤክስፖርት፣ ላይሰንስ፣ ፍራንቻይዝ፣ ጆይንት ቬንቸር (ሽርክና)፣ ሙሉ ባለቤትነት እያልን ለፈተና ሸምድደናል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሄኒከን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ፋብሪካ ገዛ። ሳፋሪኮም ከዜሮ ገነባ። ፒዛ ሃት ደግሞ ራሱ አልመጣም፣ ስሙን ነው የላከው። ሁሉም ትልልቅ ናቸው፣ ሁሉም ገንዘብ አላቸው። ለምን አንድ ዓይነት መንገድ አልመረጡም? የትኛውስ ነው የተሻለው?

መልስ፦ የመጨረሻዋን ጥያቄህን ላስቀድም። ለሁሉም የሚሆን የተሻለ መንገድ የለም። የተማርከው ዝርዝር ትክክል ነው። ግን ሥራ ላይ ያለ ሰው ከዝርዝሩ አይጀምርም። የሚጀምረው “እዚህ አገር ምን ይጎድለኛል? የጎደለኝስ ነገር ማን እጅ ነው ያለው?” ከሚለው ነው። የሚጎድለው ፈቃድ ሊሆን ይችላል። የማከፋፈያ መረብ ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ የሚያውቀው ስም፣ ጥሩ ቦታ፣ ወይም የአገሩን ሰው ጠባይ ማወቅ ሊሆን ይችላል። የጎደለው ነገር ለሽያጭ የቀረበ ከሆነ ይገዛል። የሚከራይ ከሆነ ይከራያል። ሁለቱም ካልሆነ ወይ ራሱ ይገነባዋል፣ ወይ ያለውን ሰው ሸሪክ ያደርጋል። ገንዘብ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ቢራውን እንይ። የፈረንሳዩ ካስቴል በ1998 ቅዱስ ጊዮርጊስን ገዛ። ሄኒከን በ2011 በደሌንና ሐረርን በድምሩ በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የእንግሊዙ ዲያጆ በ2012 መጀመሪያ ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። እነዚህ ኩባንያዎች ቢራ መጥመቅ አያቅታቸውም፣ ፋብሪካ መትከልም እንዲሁ። የጎደላቸው ሌላ ነገር ነበር። ቢራ እዚህ አገር ባብዛኛው በጠርሙስ ነው የሚሸጠው፤ ጠርሙሱና ሣጥኑ ተመልሶ ፋብሪካ ይገባል፤ በየከተማው ወኪል አለ፣ ወኪሉ መጋዘንና መኪና አለው፣ ከወኪሉ ወዲያ ደግሞ የሠፈሩን ጠጪ በስም የሚያውቅ ባለግሮሰሪ አለ፣ ይህን ሁሉ ከባዶ ለመዘርጋት ዓመታት ይፈጃል። ጠጪውም አለ። ሐረር የለመደ ሰው አስተናጋጁን የሚጠይቀው ሐረር ነው፣ ከአምስተርዳም የመጣ ስም ስላየ ብቻ አይለውጥም። ይህ ሁሉ ደግሞ በዚያን ጊዜ በአንድ ላይ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር፣ ምክንያቱም መንግሥት የቢራ ፋብሪካዎቹን ወደ ግል እያዛወረ ነበር። ስለዚህ ገዙ።

ሄኒከን ግን በመግዛት አላቆመም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቂሊንጦ ላይ ትልቅ አዲስ ፋብሪካ ገነባ፣ ዋልያ የሚባል አዲስ ቢራም አወጣ። ልብ በል፣ የገነባው ገበያውን ከውስጥ ሆኖ ካየ በኋላ ነው። መግዛትና መገንባት ለአንዱ ኩባንያ በተለያየ ጊዜ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። የሆላንዱ ባቫሪያ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አክሲዮን ገዝተው ባቋቋሙት ሐበሻ ቢራ ውስጥ ድርሻ ይዞ ገባ። እኔ ይህኛውን በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ባለአክሲዮኑ ራሱ ጠጪ ነው፣ ራሱ አስተዋዋቂ ነው፣ ቢራው ገና ገበያ ሳይወጣ ስሙን በየቡና ቤቱ የሚያነሳው እሱ ነው።

ወደ ቴሌኮም ስትመጣ ግን የሚገዛ ነገር አልነበረም። የነበረው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነው፣ ከእሱ ላይ ለውጭ ኩባንያ ድርሻ ለመሸጥ የተያዘው ዕቅድም በተደጋጋሚ ተራዘመ። የተከፈተው በር አንድ ነው፤ አዲስ ፈቃድ በጨረታ። በ2021 ዋጋ ያስገቡት ሁለት ብቻ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ፣ ሳፋሪኮም የሚመራው ኅብረት 850 ሚሊዮን። ኅብረቱ ውስጥ ቮዳኮም አለ፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞ አለ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋምም አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ይህ ሽርክና የአገሬውን ዕውቀት ለማግኘት የተደረገ አይደለም። ትልቅ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ የሚያስር ሥራ ስለሆነ ጭነቱን ለመከፋፈል ነው። በመማሪያ መጽሐፉ ሁለቱም “ሽርክና” ይባላሉ፣ ዓላማቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ደግሞም ሳፋሪኮም “ከዜሮ ገነባ” የሚለው አባባል ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ደንበኛው ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር መደወል አለበት፣ ስለዚህ ኔትወርኮቹ መገናኘት አለባቸው፣ የማማ መጋራት ጉዳይም አለ። ሁሉም ከተፎካካሪው ጋር በሚደረግ ድርድር ነው የሚያልቀው። የሞባይል ገንዘብም መጀመሪያ የተሰጠው ፈቃድ ውስጥ አልነበረም። ኤም-ፔሳ ኬንያ ውስጥ የኩባንያው ጉልበት ሆኖ ሳለ እዚህ እስከ 2023 ድረስ መጠበቅ ነበረበት። የስልክ አገልግሎቱን ሲጀምሩም በነሐሴ 2022 ድሬዳዋ ላይ ሞከሩት፣ አዲስ አበባ በይፋ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ስህተት ቢፈጠር በትንሽ ከተማ ይታረማል። ብልህ አካሄድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ፒዛ ሃት በ2018 አዲስ አበባ የገባው በላይአብ ከሚባል የአገር ውስጥ ኩባንያ ጋር በፍራንቻይዝ ውል ነው። ስሙ፣ አሠራሩና የአዘገጃጀት ደንቡ የፈረንጆቹ፤ ገንዘቡ፣ ኪራዩ፣ ሠራተኛው፣ አይብና ዱቄት የማፈላለጉ ጭንቀት የአገሬው። ትልልቆቹ ሆቴሎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ሂልተን አዲስ ከ1969 ጀምሮ አለ፣ ሸራተን አዲስ ከ1998 ጀምሮ። ሕንፃዎቹ ግን የሂልተንም የሸራተንም አይደሉም። የመጀመሪያው የመንግሥት፣ ሁለተኛው የሼህ መሐመድ አል አሙዲ ንብረት ነው፤ ዓለም አቀፎቹ ኩባንያዎች ስማቸውን አውጥተው በአስተዳደር ውል ነው የሚሠሩት። ለእነሱ የጎደለው መሬትና ሕንፃ ነው፣ ይህ ደግሞ ያለው ሰው ሞልቷል። የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቦታ ላይ የተበላሸ ምግብ ወይም ቆሻሻ ክፍል ስማቸውን በሌላውም አገር ያበላሽባቸዋል። ለዚህ ነው ውሉ እስከ ፎጣው ድረስ የሚዘረዝረው።

አሁን ኩባንያው ራሱን የሚጠይቀው ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። ካልሆነልኝስ እንዴት እወጣለሁ? ኩባንያዎች ሪባን ሲቆርጡ ይህን አያነሱም፣ ከቦርዱ ስብሰባ ላይ ግን አይጠፋም። ዲያጆ ከአሥር ዓመት በኋላ በ2022 ሜታን ሸጦ ወጣ። የገዛው ማን ነው? ካስቴል፣ ማለትም በ1998 ቀድሞ የገባው ተፎካካሪ። ፋብሪካ የገዛ ሰው ለመውጣት ገዢ ያስፈልገዋል፣ ገዢ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተፎካካሪው ነው፣ ዋጋውንም የሚቆርጠው እሱ ነው። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ለገበያችን ሳይሆን ለማምረት ነበር የመጣው። ጦርነቱ ሲባባስና ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የማስገባት ዕድል፣ አጎዋ የሚባለው፣ ሲያጠራጥር በኅዳር 2021 መዝጋቱን አሳወቀ። ከሌላ ፋብሪካ በትዕዛዝ ብቻ ያሰፋ የነበረ ብራንድ ግን የሚቀጥለውን ትዕዛዝ ወደ ሌላ አገር አዙሮ ይሄዳል፣ የሚዘጋው ነገር የለውም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ለእኔ ዋናው ይህ ስለሆነ። የአገሬውን ኩባንያ ስትገዛ የአገሬው ዕውቀት አብሮ ይመጣል ማለት አይደለም። የአሜሪካው የሱቅ ሰንሰለት ዋልማርት በ1997ና በ1998 ጀርመን ሲገባ ሁለት ሰንሰለት ሱቆች ገዛ፤ 21 መደብሮች ያሉትን ቬርትካውፍንና 74 የነበሩትን ኢንተርሽፓር። ሕንፃም፣ ሠራተኛም፣ ደንበኛም አገኘ። ከዚያ ግን ጀርመንኛ የማይናገር አሜሪካዊ ኃላፊ ላከ። በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል ሠራተኛ አቆመ፣ ጀርመኖቹ ደግሞ ይህን አልወደዱትም። በዋጋ እጥላለሁ ቢል አልዲና ሊድል የሚባሉት የጀርመን ርካሽ ሱቆች ቀድመው እዚያ ነበሩ፣ ያውም ከእሱ በረከሰ ዋጋ። አንዳንድ ሸቀጥ ከመግዣ ዋጋ በታች መሸጡንም የጀርመን የውድድር ባለሥልጣን በ2000 ከለከለው። በ2006 የቀሩትን 85 መደብሮች ሜትሮ ለሚባለው የጀርመን ኩባንያ ሸጦ ወጣ፣ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከስሮ። የአገሩን በሬ በአገሩ ሰርዶ ይላል ያገራችን ሰው። ዋልማርት በሬውን ገዛ፣ ሰርዶውን ግን ከቤቱ፣ ከአሜሪካው አርካንሳስ፣ ይዞ መጣ።

ቶዮታ ያደረገውን ከዚህ ጋር አስተያየው። አሜሪካ ውስጥ መኪና ማምረት ፈለገ፣ ግን የአሜሪካን ሠራተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበሩን፣ የመለዋወጫ አቅራቢዎቹን አያውቅም። በ1984 ከጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም) ጋር ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ላይ፣ ጂኤም በ1982 የዘጋውን ፋብሪካ በጋራ ከፈተ። እዚያ የነበረው ሠራተኛ በአስቸጋሪነቱ የታወቀ ነበር፣ ቶዮታ ግን አብዛኛውን መልሶ ቀጠረና በራሱ አሠራር አሠለጠነው። ሠራ። ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ካየ በኋላ ብቻውን ኬንተኪ ጆርጅታውን ላይ ገነባ፣ በ1988 ማምረት ጀመረ። የጋራው ፋብሪካ ለእሱ ትምህርት ቤት ነበር። ጂኤምም የቶዮታን አሠራር እማራለሁ ብሎ ነበር የገባው፣ የተማረውን ወደ ሌሎች ፋብሪካዎቹ ለማዳረስ ግን ብዙ ዘገየ። ስለዚህ አንድ ሽርክና ስታይ “ማን ከማን ምን እየተማረ ነው? ማንስ ቀድሞ ይጨርሳል?” ብለህ ጠይቅ። ፈተና ላይ ባይመጣም ሥራ ላይ ይመጣብሃል።

ጥያቄ፦ ከእናቴ ጋር ሽሮ፣ በርበሬና በሶ እያዘጋጀን ለአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች እናቀርባለን። ዋሽንግተን ዲሲና ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቻችን “እዚህ ብታመጡት በአንድ ቀን ያልቃል” ይሉናል። እዚያ ያለ አንድ ነጋዴ ለመላው አሜሪካ ብቸኛ አከፋፋያችሁ ልሁን ብሎናል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ለምን የራሳችንን ኩባንያ እዚያ አንከፍትም ይላል። ግራ ገባን።

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው አከፋፋይ ይሻላችኋል። ግን እሱ ባለው መልኩ አይደለም።

የእናንተ ነገር ከሌላው ለየት ይላል። ደንበኛውን ታውቁታላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ ሐበሻ ጥሩ ሽሮ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። የማታውቁት አገሩን ነው፤ ጉምሩኩን፣ የምግብ ሕጉን፣ መጋዘኑን፣ ባለሱቁ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚከፍል። የጎደላችሁ ይህ ነው፣ ይህ ደግሞ ነጋዴው እጅ አለ። ለዚህ ብላችሁ ኩባንያ ከፍታችሁ፣ መጋዘን ተከራይታችሁ፣ ሰው ቀጥራችሁ ገና ያልተሞከረ ዕቃ መጠበቅ ካፒታላችሁን ይበላል።

“በአንድ ቀን ያልቃል” የሚለውንም በጥንቃቄ ስሙት። ዘመድ ሲያወራ ከልቡ ነው፣ ግን የመጀመሪያው ጭነት የሚያልቀው በናፍቆት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። ደግሞ ትልቁ ተፎካካሪያችሁ ሱቅ ውስጥ ያለው ሌላ ብራንድ አይመስለኝም። ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው የእናት በርበሬ ነው። እሱ አይከፈልበትም፣ ጣዕሙም የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ሻንጣ የማይሰጠውን ነገር እናንተ መስጠት አለባችሁ፤ ሁልጊዜ መገኘት፣ አንድ ዓይነት ጣዕም፣ ንጹሕ እሽግ፣ የሚነበብ ቀን።

ከመላካችሁ በፊት መሟላት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ለአሜሪካ ገበያ ምግብ የሚያዘጋጅ ወይም የሚያሽግ የውጭ ድርጅት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በሆነው ኤፍዲኤ ዘንድ መመዝገብ አለበት፣ አሜሪካ ውስጥ የሚቀመጥ ተጠሪም መሰየም አለበት። ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ኤፍዲኤ ለምዝገባው አያስከፍልም፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ የሚጠይቀው ለራሱ አገልግሎት ነው። ጭነት ሲላክ ከመድረሱ በፊት ቀድሞ ማሳወቅ ግዴታ ነው። አስመጪው ደግሞ የላኪውን የምግብ ደኅንነት የማረጋገጥ ኃላፊነት በሕግ አለበት፣ ስለዚህ ጥሩ አከፋፋይ ከእናንተ ሰነድ ይጠይቃል። የማይጠይቅ ከሆነ እኔ እጠራጠረዋለሁ።

በርበሬ ላይ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ትልቅ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለምግብ የተቀመጠው ጣሪያ ከአንድ ቢሊዮን እጅ 20 እጅ ነው፣ አውሮፓ ከዚያም ጠበቅ ይላል። መርዙ የሚጀምረው ወፍጮ ቤት ሳይሆን ቃሪያው ሲደርቅና ሲከማች ነው፤ መሬት ላይ የተሰጣና እርጥበት ያገኘው በርበሬ ዓይን ላይ ደህና መስሎ ላቦራቶሪ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ስለ ዋሽንግተን ከማሰባችሁ በፊት በርበሬውን ከምትገዙበት ገበሬ ወይም ነጋዴ ጋር ስለ አደራረቁ ተነጋገሩ፣ ናሙናም አስመርምሩ። የመጀመሪያ ጭነታችሁ ወደብ ላይ ከተያዘ አከፋፋዩ ሁለተኛ ዕድል ላይሰጣችሁ ይችላል።

አሁን ወደ ውሉ። “ለመላው አሜሪካ ብቸኛ” የሚለውን አትፈርሙ። ሰውዬው ዲሲ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ሚኒሶታና ሲያትል ግን ላይደርስ ይችላል፣ እናንተም እዚያ ለሌላ መስጠት አትችሉም። ብቸኝነት ከፈለገ ለዲሲ አካባቢ፣ ለአንድ ዓመት፣ በዓመት ቢያንስ ይህን ያህል ኪሎ ይገዛል በሚል ግዴታ ይሁን። ያን ካልገዛ ብቸኝነቱ ይፈርሳል። ክፍያውንም በመጀመሪያዎቹ ጭነቶች ሸጬ እከፍላለሁ ወደሚለው አትግቡ።

ስማችሁን ደግሞ ራሳችሁ አስመዝግቡ፣ በእናንተው ስም። አዲስ አበባ ያስመዘገባችሁት የንግድ ምልክት አሜሪካ ውስጥ አይጠብቃችሁም። እዚያ ለብቻው ይመዘገባል፣ ውጭ አገር የሚኖር አመልካች በአሜሪካ ጠበቃ በኩል ነው የሚያመለክተው። ወጪ አለው፣ ግን አከፋፋዩ በራሱ ስም ካስመዘገበው በኋላ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። አገራችን ይህን በደንብ ታውቀዋለች። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች መንግሥት በ2005 አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፣ ከቡና ሻጩ ስታርባክስም ጋር ብዙ ተጓተተ፣ በ2007 ነው ስምምነት የተደረሰው። የጤፉ ነገር ከዚህም ያማል። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ጤፍን ለማልማትና ጥቅሙን ለመጋራት ውል ተፈረመ። ኩባንያው ጤፍን ማቀነባበር ላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) በስሙ አወጣ፣ በኋላ ከሰረ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሆላንድ ውስጥ ፓተንቱን ፍርድ ቤት ዋጋ ቢስ ያደረገው በ2018 መጨረሻ ነው። በመሐል ስንት ዓመት እንደሄደ ቁጠሩት። ውል ስትፈርሙ “ይህ ሰው ነገ ቢከስር ወይም ቢጣላን ምን ይዞብን ይሄዳል?” ብላችሁ አንብቡት።

የአክስትሽ ልጅ ሐሳብም የሚጣል አይደለም፣ ጊዜው ነው ያልደረሰው። አሁኑኑ ግን ከኩባንያ የበለጠ የሚጠቅም ሥራ ስጡት። ሱቆቹን ይዙር። ዕቃችሁ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ በስንት እንደሚሸጥ፣ ቀኑ ያለፈበት እንዳለ፣ ገዢው ምን እንደሚል በየጊዜው ይጻፍላችሁ። ስለ ገበያው የሚያውቀው አከፋፋዩ ብቻ ከሆነ ሁልጊዜ እጁ ላይ ናችሁ። እናንተም ካወቃችሁ ግን ውሉ ሲያልቅ መቀጠል፣ መቀየር ወይም የራሳችሁን መክፈት ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። እዚህ ከፍሪ ዞን (የተለየ የንግድ ሕግ ካለው ቀጠና) ውጭ ለመክፈት 51 ከመቶው የአገሬው ሰው መሆን ነበረበት፣ በ2021 ነው ለአብዛኛው ሥራ የቀረው። እኔም ስፖንሰር ይዤ ኖሬያለሁ። አሁን ከጓደኞቼ ጋር አንድ የአፍሪካ አገር በሎጂስቲክስ ልንገባ ነው፣ የዚያ አገር ሸሪካችን 51 ካልያዝኩ ብሏል። 49 ይዞ መግባት እጅን አስሮ መግባት አይደለም?

መልስ፦ የግድ አይደለም። መቶኛው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሁሉን አይወስንም። የፈረንሳዩ ዳኖን ቻይና ውስጥ ዋሃሃ ከሚባለው የመጠጥ ኩባንያ ጋር በ1996 ሽርክና ገባ፣ በኋላም 51 ከመቶ ያዘ። የእለት ሥራው፣ የአከፋፋዮቹ መረብና የሠራተኛው ታማኝነት ግን ያለው ቻይናዊው መሥራች እጅ ነበር። ከሽርክናው ውጭ በዚያው ስም የሚሸጡ ሌሎች ኩባንያዎች ተቋቋሙ። ዳኖን በ2007 ክስ ጀመረ፣ በየአገሩ ተካሰሱ፣ በ2009 ድርሻውን ሸጦ ወጣ። 51 ይዞ ነበር።

በሌላ በኩል የእኛን አየር መንገድ ተመልከት። ማላዊ ላይ 49 ከመቶ፣ ዛምቢያ ላይ 45፣ በ2024 መጨረሻ የጀመረው ኤር ኮንጎ ላይ 49። ቶጎ ሎሜ ላይ ያለው አስካይ አየር መንገድ በ2010 ሲጀምርም ኢትዮጵያ አየር መንገድ የአናሳ ድርሻ ባለቤትና የቴክኒክ አጋር ነበር። አናሳ የሆነው ስለ ተሸነፈ አይደለም። በአቪዬሽን ውስጥ የአንድ አገር አየር መንገድ ተብሎ በአገሮች ስምምነት የመብረር መብት ለማግኘት ባለቤትነቱና ቁጥጥሩ በዋናነት የዚያ አገር መሆን ይጠየቃል። አብላጫውን ቢይዝ ኖሮ የፈለገውን የበረራ መብት ራሱ ባጣው ነበር። የሚይዘው ሌላ ነገር ነው፤ አስተዳደሩን፣ ጥገናውን፣ ሥልጠናውን፣ አውሮፕላኑን። ሎሜ ላይ ማዕከል ስላለው ከአዲስ አበባ በሎሜ አድርጎ አሜሪካ ይበርራል፣ አስካይ ከምዕራብ አፍሪካ ከተሞች የሚሰበስበውን ተሳፋሪ ይዞ። ሁሉም ግን አልተሳካም። የቻድ አየር መንገዱ ቆሟል። ሞዛምቢክ ላይ ደግሞ ሕጉ ስለፈቀደ ያለ ሸሪክ በራሱ ኩባንያ ነበር የገባው፣ እሱም ከጥቂት ዓመታት በላይ አልቆየም።

ስለዚህ ስለ 51ዱ መጨቃጨቁን ተውትና ወንድሜ፣ ወደ ዝርዝሩ ግቡ። የባንክ ፊርማው የስንት ሰው ነው? ሥራ አስኪያጁን የሚሾመው ማን ነው? ያለ እናንተ ፈቃድ ሊወሰኑ የማይችሉ ነገሮች ምንድን ናቸው፤ ብድር፣ አዲስ ባለድርሻ፣ ንብረት መሸጥ፣ የትርፍ ክፍፍል? ሸሪኩ በጎን ተመሳሳይ ሥራ እንዳይከፍት የሚከለክል አንቀጽ አለ? ብትጣሉ የት አገር ነው የምትዳኙት፣ ድርሻውስ በምን ስሌት ነው የሚገዛው? እነዚህ ላይ እጁን የሚሰጥ ሰው 51 ቢይዝ አያስፈራም። እነዚህ ላይ እንቢ የሚል ሰው ግን 30 ቢይዝም ያስቸግራል። ስፖንሰር ይዘህ እንደኖርክ ጽፈሃል፤ ስሙን ብቻ የሚያስቀምጥ ሸሪክና ሥራውን የሚሠራ ሸሪክ አንድ እንዳልሆኑ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። ይህኛው የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ እንዳትፈርም።

ጥያቄ፦ ባንክ ነው የምሠራው። የውጭ ባንኮች ሲገቡ እንደ ሳፋሪኮም አዲስ ይከፍታሉ ወይስ የእኛን ይገዛሉ?

መልስ፦ በታኅሣሥ 2024 ምክር ቤቱ ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ከአንድ በላይ በር ነው የከፈተው። ተቀጥላ ባንክ ማቋቋም፣ ቅርንጫፍ መክፈት፣ የባንክ ሥራ ሳይሠራ ተወካይ ብቻ የሚቀመጥበት እንደራሴ ቢሮ መያዝ፣ ወይም ካለ ባንክ ላይ ድርሻ መግዛት ይቻላል። ድርሻ መግዛቱ ላይ ገደብ አለ፤ አንድ ስትራቴጂካዊ የውጭ ባለሀብት እስከ 40 ከመቶ፣ የውጭ ዜጎችና ድርጅቶች በድምሩ እስከ 49። እንደ ኬንያው ኬሲቢና እንደ ደቡብ አፍሪካው ስታንዳርድ ባንክ ያሉት ለዓመታት በእንደራሴ ቢሮ አዲስ አበባ ተቀምጠው ሲያዩን ኖረዋል፣ ስለዚህ ባዶ እጃቸውን አይመጡም።

የእኔ ግምት ይህ ነው። በትልልቅ ኩባንያዎች፣ በላኪና አስመጪ ላይ ማተኮር የሚፈልግ ባንክ ብዙ ቅርንጫፍ አያስፈልገውም፣ ራሱ ይከፍታል። ተራውን አስቀማጭ የሚፈልግ ግን የሚጎድለው በየወረዳው ያለው ቅርንጫፍና ደንበኛውን የሚያውቀው ሠራተኛ ነው፣ ይህን ከባዶ መገንባት ስለሚከብደው ድርሻ መግዛቱ ይቀለዋል። አንተ ያለህበት ባንክ የትኛው እንደሚፈልገው ለማወቅ የቅርንጫፎቻችሁን ካርታና የቁጠባ ደብተሩን ብዛት ተመልከት።